«አንቺ ስለ ብር ምን ታውቂያለሽ?»

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። 36 ዓመቴ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉን። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። የምተዳደረው በበርበሬ ነው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ዛላው በርከት ብሎ ሲገባ እገዛለሁ፣ እቀነጥሳለሁ፣ እደልዛለሁ፣ አስፈጭቼ ለደንበኞቼ እሰጣለሁ። የተረፈውን ቅዳሜ ገበያ አወጣዋለሁ። በርበሬ ሲቀዘቅዝ እንዳልቸገር ብዬ ሽሮና ሚጥሚጣም ጨምሬያለሁ።

ባለቤቴ ሹፌር ነው። ድሮ ቱሪስት ይዞ ስሜን ተራራና ላሊበላ ይመላለስ ነበር። አሁን ሥራው ሲገኝ ብቻ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ እጁን አንስቶብኝም አያውቅም። ሲቆጣ ግን ሦስት አራት ቀን አያናግረኝም፤ እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም።

የቤታችን ወግ እንዲህ ነው። አስቤዛው የኔ ነው። ባንኩ፣ ውሉ፣ ቀበሌው የሱ ነው። ደንበኞቼ በቴሌብር ሲከፍሉ ብሩ የሚገባው በሱ ስልክ ነው። የኔ ስልክ አሮጌ ስለነበረች ነው እንዲያ የተጀመረው። ማታ ማታ «ዛሬ ይህን ያህል ገብቷል» ይለኛል። አምና ደግሞ አንድ አበዳሪ ተቋም ወስዶ ወረቀት አስፈረመኝ። ብድር ነው አለኝ። ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚል አላነበብኩትም። ከኋላችን ሰው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር፣ አፈርኩ።

አሁን የመጣው የእቁብ ነገር ነው። በሳምንት 2,000 ብር የምጥልበት የ40 ሰው እቁብ አለኝ። 14 ሳምንት ጥያለሁ። ባለፈው እሁድ እጣዬ ወጣ፤ 80 ሺ ብር። ዳኛው ዋስ አምጪ ብለው ሦስት ሳምንት ሰጡኝ። ባለቤቴ «ዋስሽ እኔ ነኝ፣ ብሩን ግን ለባጃጅ ነው» አለ። ጓደኛው ባጃጅ ሊገዛ ነው፤ የጎደለችው 80 ሺ ናት። ሊብሬው በጓደኛው ስም ይወጣል፣ እየተፈራረቁ ይነዱታል። እኔ ደግሞ ዛላ ልገዛበት ነበር ያሰብኩት። ይህንን ስነግረው «አንቺ ስለ ብር ምን ታውቂያለሽ? ሽንኩርትና ዘይት ነው የምታውቂው» አለኝ። ልጆቹ ፊት።

እውነቱን ለመናገር ብዙም አላውቅም። ባንክ ላስቀምጠው ብል በርበሬው ጥሎኝ ይሄዳል፤ ዘንድሮ 80 ሺ የሚገዛውን ለከርሞ አይገዛም። ልበደር ብል ካቻምና ከአንዲት ሴት 10 ሺ ብር በአራጣ ወስጄ፣ በወር አንድ አንድ ሺ እየከፈልኩ፣ አምስት ወር ከፍዬም አሥር ሺው እንዳለ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ሌላም ኃጢአት አለብኝ። እሱ የማያውቀው 18 ሺ ብር እህቴ ጋ አለኝ። ማታ ተኝቶ ሳየው አፍራለሁ።

ብሩን ሰጥቼው ሰላሜን ልግዛ? ወይስ ምን ይሻለኛል?

የበርበሬ ነጋዴዋ፣ ከአዘዞ

* * *

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው «ብዙም አላውቅም» ያልሽውን አምኜሽ ነበር። ሁለተኛውን እርሳስ ይዤ ነው ያነበብኩት፤ ያኔ ሳቄ መጣ። ባንቺ አይደለም የሳቅሁት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሰው ስለ ገንዘብ ምን ያህል ያውቃል የሚለውን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የወለድ ነው፤ ብድር ወይም ቁጠባ በጊዜ ብዛት ምን ያህል ይሆናል? ሁለተኛው የዋጋ ንረት ነው፤ ብሩ ቁጥሩ ሳይጎድል የሚገዛው ነገር ይጎድላል ወይ? ሦስተኛው ሁሉን በአንድ ቦታ ማድረግ ይሻላል ወይስ መከፋፈል የሚል ነው። አሁን ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። የአራጣዋን ሴት ስታወሪ የመጀመሪያውን መለስሽ። «በርበሬው ጥሎኝ ይሄዳል» ስትይ ሁለተኛውን። ሽሮና ሚጥሚጣ የጨመርሽበትን ምክንያት ስትነግሪኝ ሦስተኛውን። ሳትጠየቂ፣ በአንድ ገጽ፣ ሦስት ከሦስት! የጎደለሽ የባንኩ ቋንቋ ነው። እሱ ደግሞ በአንድ ወር የሚለመድ ነገር ነው።

በሴትና በወንድ መሀል ልዩነት የለም እያልኩሽ አይደለም። አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ከ140 በሚበልጡ አገሮች ከ150 ሺ በላይ ሰው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቆ ነበር። ከመቶ ወንዶች 35ቱ፣ ከመቶ ሴቶች 30ዎቹ ናቸው ያለፉት። ሰው ይህን ሲሰማ «አየሽ፣ ሴቶች አያውቁም» ይላል። እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ወደ ሌላው ቁጥር ነው፤ ከመቶ ወንድ 65ቱ ወድቋል እኮ። ያ ሁሉ ወንድ ነው እንግዲህ ቤት ገብቶ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» የሚለው።

ከዚህ የሚገርመው ኔዘርላንድ ውስጥ የተደረገ ሌላ ጥናት ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን «አላውቅም» ከሚል ምርጫ ጋር አቀረቡ። ሴቶቹ «አላውቅም»ን በብዛት መረጡ። ቆየት ብለው እነዚያኑ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ፣ አሁን ግን «አላውቅም» የሚለውን አወጡት። ብዙዎቹ ሴቶች ትክክለኛውን መልስ ሰጡ። አጥኚዎቹ ሲያሰሉት ከልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የድፍረት ማጣት ሆኖ ተገኘ። ያውቃሉ፣ ግን ማወቃቸውን አያምኑም። አንቺም «እውነቱን ለመናገር ብዙም አላውቅም» ብለሽ ጽፈሽ ወዲያው በሚቀጥለው መስመር ማወቅሽን አስነበብሽኝ።

አንድ ጊዜ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ልገዛ ሄጄ አጠገቤ የነበረችን ሴት አየሁ። ከጆንያው አንድ ዛላ አወጣች። ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው። ፍሬው ውስጡ ኳ ኳ ሲል ሰማች። ከዚያ ሰበረችው፣ አሸተተችው፣ «ይሄ አልደረቀም፣ ሚዛን ላይ ይከብደኛል፣ ቤት ሲደርስ ይቀልብኛል» ብላ ዋጋውን ቆረጠች። ነጋዴው ተከራከረ፣ ተማረረ፣ በመጨረሻ ሰጣት። እኔ ቆሜ እያሰብኩ ነበር። ይህች ሴት ለእርጥበቱ፣ ለቅንጣሹ፣ ለወፍጮው፣ ለላስቲኩ፣ በዱቤ ወስዶ ለሚጠፋው ደንበኛ ሁሉ ሒሳቡን በጭንቅላቷ ሠርታ ነው አንዲት ዋጋ የተናገረችው። ላንቺ ይህንን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ አውቃለሁ። የጻፍኩት ባለቤትሽ እንዲያነበው ነው።

ችግሩ ከየት መጣ ካልሽኝ፣ ቤታችን ውስጥ ብር ጾታ አለው። ትንሹ ብር የሴት ነው፤ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ የልጆች ደብተር፣ ወፍጮ። ትልቁ ብር የወንድ ነው፤ ባንክ፣ ብድር፣ ቦታ፣ መኪና። ሰው ደግሞ የሚያውቀው የሚሠራውን ነው። ባለቤትሽ ባንክ ሲመላለስ የባንክ ቃል ለመደ። አንቺ ገበያ ስትመላለሺ ገበያ ለመድሽ። እስቲ «የዚህ ሳምንት አስቤዛ ስንት ወጣ?» ብለሽ ጠይቂው። ዘይት ስንት እንደገባ የሚያውቅ አይመስለኝም። ትንሹ ብር ደግሞ ሲደመር ከትልቁ ይበልጣል፣ ግን ማን ደምሮት ያውቃል?

(በነገራችን ላይ ይህች ከተማ ሴት ልጅ ትልቁን ነገር ስትይዝ አይታ ታውቃለች። እቴጌ ምንትዋብ ከ1730 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልጇ በኢያሱ ስም አገር ስታስተዳድር፣ ቁስቋምንም ስታሠራ፣ «ሽንኩርትና ዘይት ነው የምታውቂው» ያላት ሰው መኖሩን እንጃ።)

አሁን ወደ 80 ሺው እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። እርሳስ ያዢ።

እጣሽ ሲወጣ 14 ሳምንት ጥለሻል። 14 ጊዜ 2,000፣ 28 ሺ ብር። ያንቺ ቁጠባ ይህ ብቻ ነው። ገና 26 ሳምንት ይቀርሻል። 26 ጊዜ 2,000፣ 52 ሺ ብር። ይህ ያንቺ ገንዘብ አይደለም እህቴ፣ የ39 ሰው ብድር ነው። ወለድ የለውም፣ ደግ ብድር ነው፣ ግን ብድር ነው። ዳኛው ዋስ አምጪ ያሉትም ለዚህ ነው። እና ባለቤትሽ «እቁብሽን ለባጃጅ» ሲል 28 ሺ ካንቺ ኪስ፣ 52 ሺ ደግሞ ከጎረቤት ተበድረን በሌላ ሰው ስም ባጃጅ እንግዛ ማለቱ ነው። እሱም እንዲህ አድርጎ አስቦት አይመስለኝም። ብዙ ሰው እጣ ሲወጣ «ደረሰኝ» ይላል እንጂ «ተበደርኩ» አይልም።

ስለዚህ የባጃጁ ጥያቄ አንዲት ናት። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለኛ ድርሻ በሳምንት 2,000 ብር ያስገባል ወይ? ካላስገባ እሁድ እሁድ የምትጥይው ከበርበሬሽ ነው። ያውም ዛላ መግዣ ሳይኖርሽ። ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ። ገቢው እንዴት ነው የሚከፋፈለው? ጎማ ሲፈነዳ፣ ሰርቪስ ሲደርስ፣ ቦሎና ሦስተኛ ወገን ሲታደስ ማን ይከፍላል? ቤንዚን በጠፋበት፣ መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ቆሞ ሲውልስ? ጓደኛው ነገ ልሽጠው ቢል? ሊብሬው በሱ ስም ከሆነ፣ ያለ ውል ያንቺ 80 ሺ የት እንደገባ የሚመሰክርልሽ ጓደኝነታቸው ብቻ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያልኩ ጓደኛውን ሌባ ላደርገው አይደለም። ምናልባት ወርቅ ሰው ነው። ግን ወርቅ ሰውም ይታመማል፣ ይሞታል፣ ከሚስቱም ይፋታል፤ ያኔ ባጃጁን የሚካፈሉት እናንተን የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ሐሳቤን ልደብቅሽ አልፈልግም። እኔ ብሆን፣ ያለ ተጻፈ ውል ከዚያ ብር አንድ ሺም አላወጣም። ውል ተጽፎ፣ ድርሻችሁ ተጠቅሶ፣ ውልና ማስረጃ ፊት ከተፈረመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሁሉንም አልሰጥም። ለምሳሌ 16 ሺውን ሳትነኪ ብታስቀምጪው የስምንት ሳምንት እቁብ ይሸፍንልሻል፤ ገበያ ቢቀዘቅዝም አታፍሪም። 40 ሺውን ለዛላ። የቀረው 24 ሺ ለባጃጁ የሚሆን ከሆነ ይሁን። ይህ እንግዲህ የኔ አከፋፈል ነው፤ ያንቺ ደንበኛ ስንት ኪሎ እንደሚወስድ የምታውቂው አንቺ ነሽ። 45 ይሻላል ካልሽ 45 አድርጊው።

ባንኩንም ለመጠባበቂያው እንጂ ለሁሉም አልመክርሽም። የቁጠባ ወለድ ለዓመታት በ7 በመቶ አካባቢ ነው የቆየው። 80 ሺ ዓመት ሙሉ ቢቀመጥ 5,600 ብር ይወልዳል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ አስቢው። «ጥሎኝ ይሄዳል» ያልሽው ልክ ነው። ግን ለስምንት ሳምንት የሚቀመጥ መጠባበቂያ አያረጅም። ሌላ ሥራ አለው፤ ወደ አራጣዋ ሴት እንዳትመለሺ ይጠብቅሻል።

ሌላም መንገድ አለ፣ አስበሽው እንደሆነ አላውቅም። እጣሽን ከሌላ ሰው ጋር መቀያየር ትችያለሽ። ሠርግ ወይም ክፍያ የደረሰበት ሰው እቁቡ ውስጥ አይጠፋም። አሁን ጥቅምት ነው፤ ዛላው በደንብ የሚገባው ህዳር መጨረሻ ነው። ስድስት ሰባት ሳምንት ብትገፊው ብሩ በወቅቱ ይደርስልሻል፣ የራስሽ ድርሻም ከፍ ይላል፣ ዕዳውም ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ለመነጋገር ጊዜ ታገኛላችሁ። ዳኛውን ጠይቂያቸው። ዋስም የግድ ባል መሆን የለበትም። እንዲያውም ብዙ ዳኛ የባልና ሚስትን ኪስ አንድ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ከጎንሽ የምትሸጥ፣ የሚያምኗት ሴት ብትቆምልሽ ሳይመርጡት አይቀሩም። ይህንን እንደ ዛቻ አትንገሪው ግን። «ዋስ አግኝቻለሁ፣ አንተን አላስቸግርም» በይው። ያኔ ስለ ባጃጁ የምታወሩት እንደ ሁለት ሰው ነው።

ስለ ፈረምሽው ወረቀት ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእቁቡ ይልቅ እሱ ነው ያሳሰበኝ። አበዳሪው ፊርማሽን የፈለገው ለጌጥ አይደለም። ወይ አብረሽ ተበዳሪ ነሽ፣ ወይ ዋስ ነሽ፣ ወይ የጋራ ንብረት በመያዣነት ሲሰጥ ተስማምተሻል። የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂና «የፈረምኩትን ውል ቅጂ ስጡኝ፣ የቀረውን ዕዳም ንገሩኝ» በይ። የፈረመ ሰው የፈረመውን የማየት መብት አለው። ከኋላሽ ሰው ተሰልፎ ከጠበቀ ይጠብቅ፤ ባንክ ውስጥ ሰልፍ አይሞትም። ስንት እንደተወሰደ፣ ወለዱ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ምን እንደተያዘ፤ አራቱን ብቻ ጽፈሽ ውጪ። ንባቡ ከከበደሽ ትልቋ ልጅሽን ወይም እህትሽን ይዘሽ ሂጂ።

ይህን ያልኩሽ ባለቤትሽን ጠርጥሬው አይደለም። አንዲት አክስት ነበረችኝ፤ ባሏ ቆዳ ነጋዴ ነበር፣ መልካም ሰው። እሱ ሲሞት የእድሩ ድንኳን ከተነቀለ ሳምንት ሳይሞላ አበዳሪ ነን ያሉ ሦስት ሰዎች መጡ። እሱ ካበደራቸው ግን አንድም ሰው አልመጣም። ደብተር የለ፣ እሷ የምታውቀው የለ። ከፈለች፣ ከፈለች፣ በመጨረሻ የእንጀራ ምጣዷ ብቻ ቀረላት። ባልየው ሊጎዳት አስቦ አልነበረም፤ «ምን አስጨነቃት» ብሎ ነው። ብዙ ሴት የቤቷን ሒሳብ የምትማረው በሐዘን ልብስ ሆና ነው።

ሕጉን ካነሳን ደግሞ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ነው ይል ነበር፣ የጋራውንም ሀብት የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። ያ ቀርቷል። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ተሻሽሎ ባልና ሚስትን በአስተዳደሩ እኩል አደረገ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በትዳር ውስጥ ሠርታችሁ ያገኛችሁት የሁለታችሁ ነው። የበርበሬሽ ገቢ በሱ ቴሌብር መግባቱ የሱ ብቻ አያደርገውም። እንደዚሁ ደግሞ እህትሽ ጋ ያለው 18 ሺም ያንቺ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ለሱም ነውና። በክልላችን ገጠር እኮ የመሬት ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ሰፍሮ፣ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፎ ይሰጣል። ገጠር ያለችው አክስትሽ በመሬቷ ላይ ፎቶዋ አለ፤ ከተማ ያለሽው አንቺ በገዛ በርበሬሽ ላይ ስልክ ቁጥርሽ የለም። ሕጉ ከከበደሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሄደሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ 18 ሺው። ኃጢአት ብለሽዋል። እኔ የንስሐ አባትሽ አይደለሁምና አልፈርድም። እናቶቻችን ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ያቆዩት ብር ነው ስንቶቻችንን ያስተማረው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መልሱን ለኔ ሳይሆን ለራስሽ ስጪው። ባልሽን ትፈሪዋለሽ ወይስ ታፍሪዋለሽ? ብሩን የደበቅሽው ቢያገኘው የሚያደርግሽን ፈርተሽ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ እዚያው እህትሽ ጋ ይቆይ፤ ሌላ ደብዳቤም ጻፊልኝ፣ ሌላ ጉዳይ ነውና። የደበቅሽው «ጠይቄ ብከለከልስ» ብለሽ አፍረሽ ከሆነ ግን ጊዜ ፈልገሽ ብትነግሪው ይቀልሻል። ዛሬ አትንገሪው። አሁን ብታወጪው የጠቡ ርዕስ አንቺ ትሆኛለሽ፣ ባጃጁም በመሀል ያልፋል። መጀመሪያ የሱ ወረቀት፣ የሱ ስልክ፣ ያንቺ እቁብ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ያኔ «እኔም የምነግርህ አለ» ማለት ትችያለሽ። «ለክፉ ቀን ያልኳት ናት» በይው። ነውም እኮ።

እሱንም እንየው እስቲ። ቱሪስት ይዞ ስሜን የሚወጣ ሹፌር የነበረ ሰው ነው። ጉርሻው፣ ክብሩ፣ ማታ ቤት ይዞት የሚገባው ወሬ ሁሉ ነበረው። አሁን ተቀምጦ ማታ ማታ የሚስቱን የበርበሬ ብር በስልኩ ይቆጥራል። ባጃጁ ለሱ ገቢ ብቻ አይመስለኝም፤ መሪ መጨበጥ ነው። «ስለ ብር ምን ታውቂያለሽ» ያለሽ እሱ ራሱ ስለ ብር በጨነቀው ሰዓት ይመስለኛል። ይህ ያለውን ልክ አያደርገውም። ልጆች ፊት መናገሩ ደግሞ ይባስ ያሳዝናል፤ ሴቷ ልጅሽ ሰምታዋለች፣ ወንዱም ሰምቶታል። ይህንን ብቻ ለይተሽ፣ ሳትጮሂ፣ «ልጆቹ ፊት ያልከኝ ነገር አልወጣልኝም» በይው። ከብሩ ጋር አታደባልቂው።

እንዴት ትጀምሪዋለሽ? ማታ ሲደክመው አይሁን። አልጋ ላይም አይሁን፤ አልጋ ላይ የተጀመረ የብር ወሬ ጀርባ በመስጠት ነው የሚያልቀው። እሁድ ቡና ተጠጥቶ ልጆቹ ሲወጡ ይሻላል። ያንን የ28 እና የ52 ሒሳብ በወረቀት ጽፈሽ አስቀምጪለት። አትከራከሪው፣ «ተሳስቼ እንደሆነ አንተ አስላልኝ» በይው። ሹፌር ሒሳብ ያውቃል፤ ቁጥሩን ራሱ ሲደምረው ካንቺ አፍ ከሚሰማው ይልቅ ያምነዋል። ከዚያ ባጃጁን አትከልክይው፣ ጠይቂው። «በሳምንት ስንት ያስገባል? ሊብሬው ላይ እኛ የት ነን?» መልስ ካለው ጥሩ። ከሌለው ጓደኛውን ጠይቆ ይመለስ፤ ያ ራሱ ሳምንት ይወስዳል።

ሦስት አራት ቀን ዝም ካለሽስ? እዚህ ላይ ነው የምሰጋልሽ። ዝምታውን ለማስቆም ስትይ ብሩን እንዳትሰጪው። ምግቡን አቅርቢ፣ ሰላም በይው፣ ሥራሽን ሥሪ፤ ግን ፊርማም ብርም በዝምታ ቀን አይሰጥም። ከሳምንት ካለፈ የሚያከብረውን አንድ ሰው ጥሪ፤ ታላቅ ወንድሙን፣ የንስሐ አባታችሁን፣ ማንንም። እቁቡ አይጠፋም።

ከዚያ ውጭ በዚህ ሳምንት ልታደርጊ የምትችይው ትንሽ ነገር አለ። በራስሽ ሲም፣ በራስሽ መታወቂያ ቴሌብር ክፈቺ። አሮጌ ስልክም ይበቃል፤ *127# ብለሽ ደውለሽ ትጠቀሚበታለሽ። የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም አትስጪ፣ ለልጅሽም ቢሆን። ለደንበኞችሽ አዲሱን ቁጥር ስትሰጪ ለባለቤትሽ ቀድመሽ ንገሪው፤ ከደንበኛ አፍ እንዳይሰማው። «የገባውንና የወጣውን ደብተር ላይ ልጽፈው ነው፣ ማታ አብረን እናየዋለን» በይው። እስካሁን እሱ ላንቺ ይነግርሽ ነበር፤ አሁን ሁለታችሁም ታዩታላችሁ። ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ ይበቃል፣ የገባ፣ የወጣ። የሱንም ገቢ ይጻፍበት።

አንድ ሐሳብ ደግሞ አለኝ፤ ልትስቂብኝ ትችያለሽ። ለአንድ ወር ሥራ ተለዋወጡ። አስቤዛውን እሱ ይግዛ፣ ዝርዝር ሰጥተሽ ቅዳሜ ገበያ ላኪው። ባንኩና የብድሩ ክፍያ ላንቺ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት ሽንኩርቱ የበሰበሰ ይሆናል፣ ታገሺው። አንቺም ባንክ ስትገቢ የመጀመሪያው ቀን ፎርሙን ታበላሺዋለሽ። ሁለተኛ ፎርም ይሰጡሻል።

ወረቀቱን አይተሽ ስትመጪ ምን እንደሚል ጻፊልኝ። የተያዘው ቤት ከሆነ ግን ደብዳቤ አትጠብቂ፣ መጀመሪያ የሕግ ድጋፉ ጋ ሂጂ። ፒያሳ ብቅ ካልሽ ደግሞ አንድ ኪሎ በርበሬ ያዢልኝ፤ ሒሳቡን በአዲሱ ቁጥርሽ አስገባለሁ።